የባክአፕ ፍጥነት፦ ስለ ፖርት፣ ስለ ኬብልና ስለ ኔትወርክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

"ኮፒው ለምን አያልቅም?" እያሉ ለሚደውሉልኝ ሁሉ ደጋግሜ የምሰጣቸው መልሶች እነሆ። ባክአፕ ማለት ፋይል ቢጠፋ መተኪያ እንዲሆን ሌላ ቦታ የሚቀመጥ ቅጂ ነው።

ባክአፕ ሳደርግ ፍጥነቱን የሚወስነው ምንድን ነው?

መንገዱ ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ በጣም ቀርፋፋው ነው የሚወስነው። ፋይሉ መጀመሪያ ከላፕቶፑ ዲስክ ይነበባል። ከዚያ በፖርቱ፣ ማለትም ኬብሉ በሚሰካበት ቀዳዳ፣ ይወጣል፣ በኬብሉ ያልፋል፣ መጨረሻ ላይ ባክአፑ የሚቀመጥበት ዲስክ ላይ ይጻፋል። ከአራቱ አንዱ ካዘገመ ሦስቱ የቱንም ያህል ቢፈጥኑ ጥቅም የለውም።

ሮቶን አስቡ። ጣሪያ ላይ 2 ሺህ ሊትር ውሃ ቢኖርም ወደ ባልዲው የሚወርደው በቧንቧው ውፍረት ልክ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚያባክነው ቧንቧውን ሳያይ ትልቅ ሮቶ ሲገዛ ነው። ውድ ዲስክ ገዝቶ በአሮጌ ኬብል የሚሰካውን ሰው ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ሳጥኑ ላይ "5 ጊጋቢት በሰከንድ" ይላል። ለምን በሰከንድ 5 ጊጋባይት አይገባልኝም?

ቢትና ባይት ስለሚለያዩ ነው። የፖርትና የኔትወርክ ፍጥነት የሚጻፈው በቢት ነው። የፋይል መጠን ደግሞ በባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ቁጥር ለ8 አካፍሉት። ዩኤስቢ 2 "480 ሜጋቢት" ሲባል በወረቀት ላይ 60 ሜጋባይት ነው ማለት ነው።

እሱም ቢሆን ሙሉው እጃችሁ አይገባም። ዩኤስቢ 3.0 ከሚልካቸው 10 ቢቶች ውስጥ የእናንተ ዳታ የሆኑት 8ቱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ 5 ጊጋቢቱ ገና ከጅምሩ ወደ 500 ሜጋባይት ይወርዳል። ላኪና ተቀባይ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትም ድርሻውን ይወስዳል። በተግባር ዩኤስቢ 2 ላይ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት፣ ዩኤስቢ 3.0 ላይ 400 ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ካያችሁ ደህና ነው። ማንም አላጭበረበራችሁም።

ዩኤስቢ 2 እና ዩኤስቢ 3 ባክአፕ ላይ ምን ያህል ይለያያሉ?

በ500 ጊጋባይት እንየው። በዩኤስቢ 2፣ በሰከንድ 35 ሜጋባይት ከሄደ፣ 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ያው ሃርድ ዲስክ ዩኤስቢ 3 ላይ ተሰክቶ በ120 ሜጋባይት ቢጽፍ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። በሃርድ ዲስኩ ፋንታ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ፣ ሆኖ በ400 ቢጽፍ ደግሞ 21 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። አራት ሰዓት የሚፈጅን ነገር ሰው "ነገ አደርገዋለሁ" ይላል። ነገ ደግሞ አይመጣም።

ዩኤስቢ 2 በፈረንጆቹ 2000 የወጣ ነው፣ ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ በ2008። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተምታታ። መጀመሪያ 3.0 የተባለው በኋላ "3.1 ጄን 1" ተባለ፣ ቀጥሎ ደግሞ "3.2 ጄን 1"። ፍጥነቱ ግን ያው 5 ጊጋቢት ነው። ስለዚህ ሻጩ "3.2 ነው እኮ!" ቢላችሁ ገና ምንም አልነገራችሁም። "ስንት ጊጋቢት?" ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ 5፣ 10፣ 20፣ 40 ወይም 80 መሆን አለበት።

ፖርቴ ዩኤስቢ 3 መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ትልቁ፣ አራት ማዕዘኑ ፖርት ከሆነ ወደ ውስጥ እዩት። ምላሱ ሰማያዊ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ዩኤስቢ 3 ነው። ጎኑ ላይ ሁለት "ኤስ" የሚመስል ምልክት ካለም እንዲሁ። ነገር ግን ቀለሙ ግዴታ አይደለም። ጥቁር ምላስ ያላቸው ዩኤስቢ 3 ፖርቶች ሞልተዋል። የተሻለው መለያ የብረት መነካኪያዎቹን መቁጠር ነው። ዩኤስቢ 2 አራት የብረት መነካኪያ ሲኖረው ዩኤስቢ 3 ዘጠኝ አለው፤ የኬብሉ ጫፍ ላይ አምስቱ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ይታያሉ።

አሮጌ ላፕቶፖች ላይ አንዱ ጎን ዩኤስቢ 3፣ ሌላው ጎን ዩኤስቢ 2 መሆኑ የተለመደ ነው። ማውሱ ሰማያዊው ላይ ተሰክቶ ሃርድ ዲስኩ ጥቁሩ ላይ የተቀመጠበትን ስንት ቢሮ አይቻለሁ። ማውሱ ፍጥነት አያስፈልገውም። አቀያይሯቸው።

ሁሉም ነገር ዩኤስቢ 3 ነው፤ ግን ከ40 ሜጋባይት አልፎ አያውቅም። ለምን?

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። 35፣ 38፣ 40 ላይ ችክ ካለ የሆነ ቦታ ላይ ወደ ዩኤስቢ 2 ወርዷል ማለት ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ደግሞ ኬብሉ ነው።

የሰርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ ጓደኛ አለኝ። አንድ እሁድ ማታ ከመልስ ፕሮግራም ሲመለስ 380 ጊጋባይት ይዞ ቤት መጣ። ላፕቶፑ አዲስ፣ ኤስኤስዲውም ከተገዛ ሳምንት ያልሞላው ነው። ሰካው፣ ኮፒ አለው። ስክሪኑ ላይ ወደ 3 ሰዓት ይቀራል ይላል። "ተሸወድኩ፣ ፎርጅድ ነው የሸጡልኝ!" ብሎ በማግስቱ ሊመልሰው ወሰነ። ኬብሉን አየሁት። ነጭ፣ ረዘም ያለ፣ ለስላሳ፤ የስልኩ ቻርጀር ነው። ከኤስኤስዲው ጋር የመጣችው ስንዝር የማትሞላ ጥቁር ኬብል ካርቶኑ ውስጥ ናት፤ ላስቲኳ እንኳ አልተፈታም። ቀየርናት። ቁጥሩ ከ38 ወደ 400 ተተኮሰ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ አለቀ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ብዙ የቻርጀር ኬብሎች ውስጣቸው ያለው ለኃይልና ለዩኤስቢ 2 የሚሆን ሽቦ ብቻ ነው። ለፈጣኑ መስመር የሚያስፈልጉት ሽቦዎች ጭራሽ የሉም። ጫፋቸው ግን ልክክ ብሎ ይገባል። የድሮዎቹ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኮች ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ያ ሰፊውና ሁለት ክፍል ያለው ፖርታቸው ግማሹ ላይ ተራ የስልክ ኬብል ይገባል። ይሠራልም፣ ግን በዩኤስቢ 2 ፍጥነት።

ኬብሉ ደህና ከሆነስ? ነቅላችሁ ጠንከር አድርጋችሁ በአንዴ ሰኩት። አራት ማዕዘኑ ዩኤስቢ በጣም ቀስ ተብሎ ሲሰካ ኮምፒውተሩ የፊቶቹን አራት መነካኪያዎች ቀድሞ ያገኝና ዩኤስቢ 2 ነው ብሎ ይቀበለዋል። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ይሠራል። ማከፋፈያና ማራዘሚያ ካለም አውጡት። ዴስክቶፕ ከሆነ የፊቱን ትታችሁ ከጀርባ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ሰኩ። የፊቱ ፖርት በካሱ ውስጥ በሌላ ሽቦ የሚዞር ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ በትክክል አልተገጠመም።

ታይፕ ሲ ከሆነ ፈጣን ነው ማለት አይደለም እንዴ?

አይደለም። ታይፕ ሲ የጫፉ ቅርጽ ነው። በዚያው ቅርጽ ውስጥ 480 ሜጋቢትም፣ 40 ጊጋቢትም ሊያልፍ ይችላል።

ጥሩ ምሳሌው በፈረንጆቹ 2023 የወጣው አይፎን 15 ነው። ተራው አይፎን 15 ታይፕ ሲ ቢኖረውም ፍጥነቱ ዩኤስቢ 2 ነው። አይፎን 15 ፕሮ ግን እስከ 10 ጊጋቢት ይሄዳል። የሚገርመው፣ ከፕሮው ጋር በካርቶኑ ይመጣ የነበረው ኬብል ራሱ ዩኤስቢ 2 ነው። ፈጣኑን ኬብል ለብቻ መግዛት ነው። ላፕቶፕም ላይ እንደዚሁ ነው። ከታይፕ ሲው ጎን የመብረቅ ምልክት ካለ ተንደርቦልት የሚባለው በጣም ፈጣኑ መስመር ሊሆን ይችላል። ባትሪ ብቻ ከተሳለ ስለ ቻርጅ እንጂ ስለ ዳታ አያወራም።

ሃርድ ዲስኬን ትቼ ኤስኤስዲ ብገዛ ይሻለኛል?

ለምን እንደፈለጋችሁት ይወሰናል። ኪስ የሚገባው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ጥሩ ቀን ላይ በሰከንድ ከ100 እስከ 140 ሜጋባይት ይጽፋል። ለእሱ 5 ጊጋቢት ፖርት ከበቂ በላይ ነው። 10 ጊጋቢት ፖርት ላይ ብትሰኩት በ1 ሜጋባይት አይጨምርም። ማነቆው ራሱ ዲስኩ ነው። ሳታ የሚባለው ዓይነት ኤስኤስዲ እስከ 550 ይሄዳል፣ ዩኤስቢ 3.0 ላይ ደግሞ ወደ 400 ይገደባል። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ኤስኤስዲ 10 ጊጋቢት ፖርት ላይ ወደ 1,000 ይጠጋል።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፦ በየቀኑ ለምሠራበት ነገር ኤስኤስዲ፣ ወር ቆይቶ ለሚከፈት ማህደር ሃርድ ዲስክ። ሃርድ ዲስክ በጊጋባይት ሲሰላ ርካሽ ነው። ኤስኤስዲ ደግሞ ለዓመታት ኃይል ሳያገኝ መሳቢያ ውስጥ እንዲቀመጥ የተሠራ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ሃርድ ዲስክ ከጠረጴዛ ከወደቀ ነገሩ አበቃ። ሰርግ ለሰርግ የሚዞር ሰው ከሆናችሁ ፍጥነቱን እንኳ ተዉትና ለመውደቁ ስትሉ ኤስኤስዲ ያዙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። "20 ጊጋቢት" የተጻፈበትን ድራይቭ ከመግዛታችሁ በፊት ኮምፒውተራችሁ ያንን መቀበሉን አረጋግጡ። ይህን የሚደግፍ ፖርት ብዙ ኮምፒውተር ላይ የለም። ተንደርቦልት ያላቸው ብዙ ማኮች እንኳ ድራይቩን በ10 ነው የሚያሠሩት። ግማሹን ፍጥነት በሙሉ ዋጋ ትገዙታላችሁ።

ከካሜራ ሜሞሪ ወደ ኮምፒውተር መገልበጡስ ለምን ይንቀረፈፋል?

የካርድ ማንበቢያችሁን እዩ። መንገድ ላይ የምትሸጠው ትንሿ ማንበቢያ ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ 2 ናት። ተራ ፈጣን ኤስዲ ካርድ፣ ዩኤችኤስ 1 የሚባለው፣ መስመሩ እስከ 104 ሜጋባይት ነው። በዩኤስቢ 2 ማንበቢያ ከግማሹም በታች ይሆናል። ካርዱ ጀርባ ላይ ሁለተኛ ረድፍ መነካኪያ ካለው ዩኤችኤስ 2 ነው። ይኼኛው እስከ 312 ይሄዳል፣ ግን ማንበቢያውም ሁለተኛውን ረድፍ የሚነካ መሆን አለበት።

ሲጀምር በ400 ይሮጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ወደ 60 ይወርዳል። ተበላሽቷል?

ብዙውን ጊዜ አልተበላሸም። መጀመሪያ ላይ የምታዩት ቁጥር የማባበያ ቁጥር ነው። ኮምፒውተሩ ፋይሉን ራም በሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻው ላይ ተቀብሎ "ጻፍኩት" ይላችኋል፣ ዲስኩ ግን ገና ከኋላ እየተከተለ ነው። ኤስኤስዲውም የራሱ ማባበያ አለው። ከፊሉን ቦታ በጣም ፈጣን አድርጎ እንደ ጊዜያዊ ማረፊያ ይጠቀምበታል። ያ ሲሞላ እውነተኛ ፍጥነቱ ይወጣል። ርካሾቹ ላይ ይህ እውነተኛ ፍጥነት ከሃርድ ዲስክም ሊያንስ ይችላል። የመጀመሪያው ባክአፕ ትልቅ ስለሆነ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚያጋልጣቸው። ሙቀትም አለ። ዲስኩን አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ አድርጋችሁ 500 ጊጋባይት አትላኩ።

ሃርድ ዲስክ ሲሆን ታሪኩ ሌላ ነው። ዲስኩ ከውጭኛው ጠርዝ መሙላት ይጀምራል። ወደ መሃል እየጠበበ ሲሄድ በአንድ ዙር የሚጻፈው ዳታ ያንሳል፤ ሊሞላ ሲል ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። በተጨማሪ ዛሬ ከሚሸጡት ኪስ የሚገቡ ዲስኮች ብዙዎቹ ኤስኤምአር በሚባለው ዘዴ የተሠሩ ናቸው። መስመሮቹ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ጫፍ ለጫፍ ተደራርበዋል። አንዱን ቆርቆሮ ለመቀየር የላዩን ማንሳት ግድ ነው። ዲስኩም አንድ መስመር ለማደስ አጠገቡ ያለውን አብሮ እንደገና ይጽፋል። ረጅም ጊዜ ሳያቋርጥ ሲጻፍበት ወደ 20 እና 30 ሜጋባይት ሊወርድ ይችላል። ይህን ደግሞ ኬብል መቀየር አይፈውሰውም። ትንሽ ጊዜ ስጡትና ራሱን ያስተካክላል።

50 ጊጋባይት ቪዲዮ በደቂቃዎች አለቀ፤ 50 ጊጋባይት ፎቶና ሰነድ ግን ግማሽ ቀን ፈጀ። እንዴት?

አንድ ኩንታል ጤፍ በአንድ ጆንያ ማሸከም አለ። ያንኑ ኩንታል በኪሎ ኪሎ ፌስታል ማመላለስም አለ። ክብደቱ አንድ ነው፣ ድካሙ ግን አንድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ፋይል ስሙ ይመዘገባል፣ ቦታ ይፈለግለታል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጸረ ቫይረሱም እያንዳንዱን አስቁሞ ይፈትሻል።

ሃርድ ዲስክ ላይ ይህ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ዳታውን የሚያነበውና የሚጽፈው መርፌ ቦታ ቦታ መሄድ አለበት። በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ ብቻ 11 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። ለአንድ ፋይል 20 ሚሊሰከንድ በመመላለስ ይጠፋል ብንል፣ ለ200 ሺህ ፋይል 4,000 ሰከንድ ነው። ገና አንድ ባይት ሳይጻፍ ከ1 ሰዓት በላይ ሄደ ማለት ነው። 200 ሺህ ፋይል ደግሞ ብዙ እንዳይመስላችሁ። ቴሌግራም ያወረደውን ፎልደር ክፈቱና ቁጠሩት።

እዚህ ላይ ፈጣን ፖርት ብዙም አይረዳም። ኤስኤስዲ ግን በጣም ይረዳል፣ የሚሄድ መርፌ የለውማ። ሃርድ ዲስክ ብቻ ካላችሁ፣ የማይነኩ የድሮ ፎልደሮችን ሳትጨምቁ አንድ ትልቅ ዚፕ አድርጋችሁ ላኩ። ለዕለት ተዕለቱ ደግሞ የተለወጠውን ብቻ የሚገለብጥ ፕሮግራም ተጠቀሙ። ሁሉንም መርጦ ኮፒ ፔስት ማድረግ በየጊዜው ያንኑ 200 ሺህ ፌስታል እንደገና ማመላለስ ነው።

"2 ቴራባይት" ፍላሽ በርካሽ ገዛሁ። እንደ ቀንድ አውጣ ነው የሚሄደው። ምን ይሻላል?

ባክአፕ አታድርጉበት። ለጊዜው ፍጥነቱን እርሱት፣ ከዚያ የባሰ ነገር ሊኖር ይችላል። እኔም አንዴ በርካሽ ዋጋ ተታልዬ "2 ቴራባይት" የተጻፈበት ኤስኤስዲ ገዝቻለሁ። ስከፍተው ውስጡ የካርድ ማንበቢያና አንዲት የስልክ ሜሞሪ ነበረች። ከጎኗ ክብደት እንዲሰጥ ብረት ተለጥፏል። ሳቅኩ፣ ሌላ ምን ላድርግ?

እንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ለኮምፒውተሩ 2 ቴራባይት ነኝ ብሎ ይዋሻል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱን ፋይል በድሮው ላይ ይጽፋል፣ ወይም ጭራሽ አይጽፈውም። የፋይሉ ስም ይታያል፣ ሲከፈት ግን የለም። ለዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብልዩ፣ ለሊኑክስና ለማክ ኤፍ3 የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ዲስኩን እስከ ጫፍ ሞልተው መልሰው ያነቡታል። በዩኤስቢ 2 ይህ ከአንድ ሌሊት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ይፍጅ።

ቢሮ ውስጥ በኔትወርክ ነው ባክአፕ የምናደርገው። ዋይፋይ ይሻላል ወይስ ኬብል?

ለመጀመሪያው ትልቅ ባክአፕ ኬብል፣ ያለ ምንም ክርክር። የዋይፋይን አየር ሁሉም ይጋራዋል። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። ግድግዳ ሲበዛ ደግሞ ፍጥነቱ ይወርዳል። ኬብል ቢያንስ ዛሬ የሰጣችሁን ነገም ይሰጣችኋል።

ግን ኬብሉ ጊጋቢት መሆን አለበት። በ100 ሜጋቢት መስመር የሚያልፈው በሰከንድ 11 ሜጋባይት ገደማ ነው። 500 ጊጋባይት ከ12 ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። በጊጋቢት ግን 110 ገደማ ይሄዳል፤ 1 ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ቀርፋፋው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ በተረሳ የድሮ ስዊች፣ ማለትም የኔትወርክ ኬብሎች የሚሰኩበት ማከፋፈያ፣ ላይ ነው። ሌላው ቦታ የኬብሉ ጫፍ ነው። ለ100 ሜጋቢት 4 ሽቦ ይበቃል፣ ለጊጋቢት ግን 8ቱም ያስፈልጋሉ። ሲገጠም አንዷ ሽቦ ካልነካች መስመሩ ምንም ሳይናገር ወደ 100 ይወርዳል። ኢንተርኔት ስለሚሠራ ማንም አይጠረጥርም። የዊንዶውስ የኔትወርክ መስኮት ላይ የመስመሩ ፍጥነት "100" ካለ ጫፉን እንደገና አስመቱት።

ታዲያ ሁሉንም ክላውድ ላይ ብጭነውስ?

ኢንተርኔት ሲሸጥላችሁ ጎልቶ የሚነገረው የማውረጃ ፍጥነት ነው። ባክአፕ ግን መስቀል ነው። የመስቀያው ፍጥነት 5 ሜጋቢት ከሆነ 500 ጊጋባይት ከ9 ቀን በላይ፣ ሌት ተቀን፣ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንም በቴሌቪዥን ኬብል የሚመጣ ኢንተርኔት ካላቸው መስቀያቸው ከማውረጃቸው በብዙ ያነሰ ነው። ስለዚህ ክላውድ ላይ ሰነዶችንና ምርጥ ፎቶዎችን አድርጉ፣ ጥሬ ቪዲዮውን ለዲስክ ተዉት።

ደግሞም "ሰው ሲሄድ መላክ" የሚባለውን የድሮ ኔትወርክ አትናቁት። ከዱባይ የሚመጣ ሰው 1 ቴራባይት ዲስክ ሻንጣው ውስጥ ይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ ቤታችሁ ቢያደርስ፣ ፍጥነቱ ሲሰላ በሰከንድ ወደ 11.6 ሜጋባይት ነው። 93 ሜጋቢት መስቀያ ያለው ስንቱ ቤት ነው? ብቻ ዲስኩን በቢትሎከር ወይም በሌላ መቆለፊያ ዝጉት። ሻንጣ ይጠፋል።

መብራት መጥፋትና የፖርት ፍጥነት ምን ያገናኛቸዋል?

ብዙ ያገናኛቸዋል። 4 ሰዓት የሚፈጅ ኮፒ መብራት የሚሄድበት ዕድል 20 ደቂቃ ከሚፈጀው የበለጠ ነው። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፤ በዩኤስቢ ኃይል የሚያገኘው ትንሹ ዲስክም አብሮት ይተርፋል። ዴስክቶፕ ወይም የራሱ አዳፕተር ያለው ትልቁ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ግን መሃል ላይ ይቆረጣል። ዩፒኤስ ካላችሁ ኮምፒውተሩን ብቻ ሳይሆን የዲስኩንም አዳፕተር እሱ ላይ ሰኩ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

ከማክም ከዊንዶውስም ጋር እንዲሠራ ብዙ ሰው ዲስኩን ኤክስፋት በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት ያደርገዋል። ይመቻል። ነገር ግን ኤክስፋት ሥራውን የሚመዘግብበት ማስታወሻ የለውም፤ ኃይል መሃል ላይ ሲቋረጥ ከዊንዶውሱ አደረጃጀት ከኤንቲኤፍኤስ ይልቅ የመጎዳት ዕድሉ ሰፊ ነው። ዊንዶውስ ብቻ ከሆነ የምትጠቀሙት ኤንቲኤፍኤስ አድርጉት። ዊንዶውስ ላይ "ለተሻለ ፍጥነት" የሚል የዲስክ ምርጫም አለ። የሚጻፈውን ዳታ ራም ላይ ያቆየዋል። መብራት በሚሄድበት ቤት ግን እኔ አልነካውም።

ባክአፕ የሚሠራው ፕሮግራም ራሱ ሊያዘገይ ይችላል?

አዎ፤ አንዳንዴም ሆን ብሎ። የማክ ታይም ማሽን ሌላ ሥራችሁን እንዳያደናቅፍ ራሱን ወደ ኋላ ያደርጋል። ፕሮግራሙ ፋይሎቹን የሚጨምቅ ከሆነ ደግሞ ማነቆው ፕሮሰሰሩ ሊሆን ይችላል። ቪዲዮና ጄፔግ ፎቶ ቀድሞም የተጨመቁ ስለሆኑ እንደገና መጭመቅ ትርፉ ድካም ነው። አጥፉት። ጽፎ ሲጨርስ መልሶ አንብቦ የሚያረጋግጥ ከሆነ ጊዜው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ይህን ግን አታጥፉ። ያልተረጋገጠ ባክአፕ ምን እንዳለበት የሚታወቀው በክፉ ቀን ነው።

የቱ ጋ እንደታነቀ እንዴት ልለየው?

አንድ ትልቅ ፋይል ያዙ፣ 10 ጊጋባይት የሆነ ቪዲዮ ለምሳሌ። ገልብጡትና ከመጀመሪያው ደቂቃ በኋላ ያለውን ቁጥር ጻፉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ መጀመሪያ ኬብሉን፣ ቀጥሎ ፖርቱን፣ ቀጥሎ ዲስኩን። ሁለት ነገር በአንዴ ከቀየራችሁ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ አታውቁም።

ቁጥሮቹን በልምድ ታውቋቸዋላችሁ። 11 ላይ ከቆመ 100 ሜጋቢት ኔትወርክ ነው። 35 እና 40 መሃል ከሆነ ዩኤስቢ 2 ነው። 110 ላይ በኔትወርክ ከሆነ ጊጋቢቱ ሞልቷል፤ በዩኤስቢ ከሆነ ሃርድ ዲስኩ ራሱ ነው። ትልቁ ፋይል እየሮጠ ፎልደሩ ግን ከዘገመ የትናንሽ ፋይሎች ጉዳይ ነው። የላፕቶፑን የውስጥ ዲስክም አትርሱ። ብዙ ጊዜ ሰው ውጭ ያለውን ሲወቅስ ቀርፋፋው ውስጥ ያለው ይሆናል።

ፍጥነቱ የሚያስፈልገኝ ባክአፕ ሳደርግ ነው ወይስ ስመልስ?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚጠይቀኝም ዲስኩ ከሞተ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ባክአፕ ካለቀ በኋላ በየቀኑ የሚጨመረው ጥቂት ጊጋባይት ነው። ያኔ ቀርፋፋ መስመርም ይበቃል፤ ሌሊት ላይ ቢሠራ ማንም አይሰማውም። መመለስ ሲመጣ ግን ሁሉም በአንዴ ነው፣ ሥራም ቆሟል፣ ደንበኛም እየደወለ ነው። በየቀኑ በ5 ሜጋቢት ቀስ እያለ ክላውድ ላይ የተጠራቀመ ባክአፕ በዚያች ቀን ሙሉ ሸክሙን ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ ከመሞቱ በፊት ለኩት። 20 ጊጋባይት የሚሆን ፎልደር ከባክአፑ ወደ ሌላ ቦታ መልሱ፣ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ፣ ሙሉው መጠን የ20 ጊጋባይት ስንት እጥፍ እንደሆነ አስሉና ሰዓቱን በዚያ አባዙት። ውጤቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ዲስኩ ላይ ለጥፉ። የእኔው ላይ "ሙሉው 3 ሰዓት ተኩል፣ በጥቁሯ ኬብል፣ በሰማያዊው ፖርት" ይላል።